ሞተር ፍለጋ በኮቨንትሪ

ወንድሜ ጋራዥ ውስጥ ያለው መኪና ሳይሆን የመኪና አጽም ነው። ከ25 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ብረት ተቆርጦና ተበይዶ፣ ቀይ የዝገት መከላከያ ቀለም የተቀባ ረጅምና ዝቅ ያለ ሻሲ በአራት ማቆሚያዎች ላይ ተቀምጧል። ጎማ የለውም፤ ወንበር የለውም፤ ከሁሉም በላይ ሞተር የለውም። በእሱ ምክንያት የልብስ ማጠቢያው ማሽን ከጋራዡ ወደ ኩሽና ከተሰደደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ይህን የነገረችኝ የወንድሜ ባለቤት ናት፤ ስትነግረኝ አልሳቀችም።

ከአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ጋር ወደ እንግሊዝ የሄድነው ፋሲካን አብረናቸው ለማክበር ነበር። ኮቨንትሪ ከለንደኑ ዩስተን ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ናት። እኔ ያሰብኩት እ.ኤ.አ. በ1940 በጀርመን ቦምብ የፈረሰውን ካቴድራልና ከጎኑ በ1962 የተመረቀውን አዲሱን ማየት፣ ከዚያም ሼክስፒር ወደተወለደባት ስትራትፎርድ ብቅ ማለት ነበር። ካቴድራሉን አየን። ጣሪያ የሌለው፣ ግድግዳው ብቻ የቆመው አሮጌው ሕንፃ ውስጥ ገብቶ ወደ ሰማይ ቀና ማለት ለልጆች ስለ ጦርነት ከብዙ ንግግር የበለጠ ያስተምራል። ስትራትፎርድን ግን አላየንም። ቀናቱን የበላው ሞተር ነው።

የወንድሜ ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። አባቱ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ስለሆነ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እሱ ለሥራ ይለባብሳል። የሚገናኙት ቅዳሜ ነው። ልጁ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው አንድ ቅዳሜ ያገለገለ መጽሐፍ ይዞ መጣ። ሮን ቻምፒዮን የተባለ ሰው የጻፈውና በመኪና ጥገና መጻሕፍቱ የሚታወቀው ሄይንስ በ1996 ያሳተመው ነው። ርዕሱ በ250 ፓውንድ የራስዎን የስፖርት መኪና መሥራት እንደሚችሉ ይናገራል። ወንድሜ ርዕሱን አይቶ ሳቀ፤ ውስጡን አገላብጦ ግን ዝም አለ። እሱ ያደገው ከአባታችን ላዳ ታክሲ ሥር ተኝቶ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ብረት ገዛ።

አሁን እዚያ ጋራዥ ውስጥ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ልጁ እራት ላይ አማርኛ ሲያወሩት በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ጋራዥ ሲገባ ግን "አባዬ፣ ካቻቢቴው የት አለ?" ይላል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ፤ ሁሉንም ያውቃል። እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ መሆናቸውን ያወቀው በቅርቡ ነው። እስከዚያ ድረስ በንጹሕ አማርኛ የሚናገር ይመስለው ነበር። ወንድሜም አላረመውም።

በእንግሊዝ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው መኪና መንዳት ይችላል። ከዚያ አንድ ዓመት ቆይቶ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ከቤት ይወጣል ማለት ነው። ወንድሜ አያወራውም እንጂ ቅዳሜዎቹን ይቆጥራል። ሞተሩ ዘንድሮ ካልተገኘ፣ ወይም ከተገኘ በኋላ አልገጥም ብሎ ዓመት ከፈጀ፣ አጽሙ አጽም ሆኖ ይቀራል።

ኮቨንትሪ ለዚህ ዓይነቱ ሐሳብ የምታመች ከተማ ናት። የብሪታኒያ መኪና ሥራ ከተጀመረባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ ዴይምለር፣ ትራያምፍና ጃጓር የተሠሩት እዚህ ነው። ታሪኩ ሁሉ መሐል ከተማ ባለው የትራንስፖርት ሙዚየም ተሰብስቧል። ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ግማሽ ቀን ቢሰጡት አይቆጭም። የእኔ ልጅ ፈዛ የቀረችው ትረስት ኤስኤስሲ ፊት ነበር። በ1997 በአሜሪካ ኔቫዳ በረሃ በሰዓት 1,228 ኪሎ ሜትር ሄዶ ከድምፅ የፈጠነው ጥቁሩ መኪና ነው። ወንድሜ በሁለቱ ግዙፍ ቱቦዎች ጎን ቆሞ ለልጁ የነገረውን እኔም ሰማሁ። በዓለም ፈጣኑ መኪና እንኳ የራሱ ሞተር የለውም። ሁለቱም የሮልስ ሮይስ ስፔይ ሞተሮች ናቸው፤ የብሪታኒያ ፋንተም ተዋጊ አውሮፕላኖች ላይ የነበረው ዓይነት። "ያም ቢሆን ከሌላ ዕቃ የመጣ ሞተር ነው" አለ ወንድሜ። ልጁ ፈገግ አለ።

በዚያ ዓመት የእኛ ፋሲካ ከሜይ መጀመሪያ ጋር ገጥሞ ነበር። በየዓመቱ በዚያ ሰሞን፣ የእንግሊዞቹ የባንክ በዓል ባለበት ቅዳሜና እሑድ ሰኞን ጨምሮ፣ ከኮቨንትሪ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ በሚገኘው ስቶንሊ ፓርክ ሰዎች በየቤታቸው የገጣጠሟቸው መኪኖች ትርኢት ይካሄዳል። ቦታው ለብዙ ዓመታት የንጉሣዊው የግብርና ትርኢት ሜዳ ነበር። ሰኞ፣ ማዕዶት መሆኑ ነው፣ ሌሊቱን የቆሙ እግሮቻችን ገና ሳያርፉ የተረፈውን ዶሮ ወጥ በሳህን አሽገን ወደዚያ ሄድን።

ሰፊ ሣር ላይ በመቶ የሚቆጠሩ መኪኖች ተደርድረዋል። ኮፈናቸው ሁሉ ተከፍቷል። ከየመኪናው ጎን ታጣፊ ወንበር፣ ከወንበሩ ላይ ቴርሞስ የያዙ ባልና ሚስት። ዋጋ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም የሚጠይቀው "ስንት ጊዜ ፈጀብህ?" ብሎ ነው። "ሦስት ዓመት"፣ "ሰባት ዓመት"፣ "ሁለት ልጅ"። አንዱ ሰውዬ የመለሰው እንዲህ ነው፤ መኪናውን ሲጀምር ያልነበሩ ሁለት ልጆቹ ከኋላው አይስክሬም ይልሱ ነበር። የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት መልስ ተለጥፏል፤ "ያላለቀ፣ ሞተር የሌለው፣ ለሽያጭ"። እንደዚህ የሚሉ ወረቀቶች ብዙ ናቸው። ወንድሜ ከፊታቸው ረዘም አድርጎ ቆመ።

አብዛኞቹ መኪኖች አንድ መልክ አላቸው። አፍንጫቸው ረጅም፣ ጎማቸው ከአካላቸው ውጭ፣ ባውዛቸው እንደ እንቁራሪት ዓይን ብቅ ያለ። የዚህ መልክ አባት ኮሊን ቻፕማን በ1957 ያወጣት ሎተስ ሰቨን ናት። የመጀመሪያዋ የተገጠመላት ቀላል የፎርድ ሞተር ጉልበቱ 40 ፈረስ ብቻ ነበር፤ ክብደቷ ግን ኢምንት ስለሆነ ትሮጥ ነበር። በዚያን ጊዜ የተሠራ መኪና የሚገዛ ሰው የሽያጭ ግብር ይከፍላል፤ ዕቃውን በሳጥን ገዝቶ ራሱ የሚገጣጥም ግን አይከፍልም። ሰዎች የሚተርኩት ወግም አለ። ሕጉ የመገጣጠሚያ መመሪያ አብሮ እንዳይሸጥ ስለከለከለ ፋብሪካው የመፍቻ መመሪያ እየሰጠ ገዢው ከኋላ ወደፊት እንዲያነበው ያደርግ ነበር ይባላል። በ1973 የግብሩ ሕግ ተለወጠ፤ በዚያው ዓመት የመኪናዋን መብት ኬተራም የተባለው ድርጅት ወሰደ። ልማዱ ግን እንደቀረ ነው።

እዚህ ላይ የሞተሩ ጉዳይ ይመጣል። ቪትዝ ወይም አዲስ ኮሮላ ያላችሁ ኮፈኑን ክፈቱና ተመልከቱ፤ ሞተሩ አግድም ተኝቷል፤ ካምቢዮውም ከጎኑ ተጋድሞ የፊት ጎማዎችን ይነዳል። የድሮውን ላዳ ኮፈን ብትከፍቱ ግን ሞተሩ ወደ መኪናው ርዝመት ተዘርግቶ፣ ካምቢዮው ከኋላው ተከትሎ፣ ኃይሉ በረጅም ዘንግ ወደ ኋላ ጎማ ሲሄድ ታያላችሁ። ሰቨንን የመሰለ መኪና የሚፈልገው የላዳውን ዓይነት አቀማመጥ ነው። ችግሩ ዓለም ወደ ቪትዝ ዓይነት ዞሯል። በእንግሊዝ ቁራሌው ጓሮ ውስጥ የተከመረው ርካሽ ሞተር ሁሉ ማለት ይቻላል አግድም የሚተኛው ነው።

ወንድሜ አንድ ነፃ ሞተር ነበረው። ጎረቤቱ ፎርድ ፎከሱን ሲያስወግድ "ሞተሩን ውሰድ" ብሎታል። ዜቴክ የሚባለው ጠንካራ ሞተር ነው፤ ብዙዎችም ይገጥሙታል። የነፃ ነገር ሲገኝ የሰው ልብ ያውቀዋል፤ ወንድሜም ሁለት ወር ሙሉ ሲያስብበት ቆይቷል። ስቶንሊ ላይ ይህንኑ ሞተር በመኪናው ላይ የገጠመ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ወንድሜ ምን ምን እንደጨመረበት ጠየቀው። ሽማግሌው ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ። ወደ ርዝመቱ ለማዞር ከፎርድ ሲየራ የመጣ ካምቢዮና ማገናኛው፤ የሚስማማ ፍሪሲዮን፤ መሬት እንዳይነካ ጠለቅ ያላለ የዘይት መያዣ፤ አቅጣጫው የተለወጠ የውሃ ቱቦ፤ በልኩ የተቆረጠ ዘንግ፤ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ከመኪናው ቁልፍ ጋር የተቆለፈ ስለሆነ ሌላ ኮምፒውተር፤ ለእሱም አዲስ ሽቦ። ወንድሜ በሃምበርገር መጠቅለያ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈው። ከ1,200 ፓውንድ ሲያልፍ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ልጁ በበኩሉ ልቡ ከሞተር ብስክሌት ሞተር ጋር ሄዷል። አንድ ሺህ ሲሲ የማይሞላ፣ ካምቢዮው አብሮት የተሠራ፣ በጣም ቀላል፣ ድምፁ ፀጉር የሚያቆም። አንዱ አስነስቶት ሲያጮኸው ልጄ ጆሮዋን ይዛ ሸሸች፤ የአክስቷ ልጅ፣ ይቅርታ፣ የአጎቷ ልጅ ግን ፊቱ በራ። ወንድሜ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ "ወደ ኋላ እንዴት ይሄዳል?" ሞተር ብስክሌት የኋላ ማርሽ የለውም። ባለቤቱ እየሳቀ ለዚያ የተለየ መሣሪያ መግዛት እንዳለበት፣ ራሱ ግን እስካሁን ወርዶ እየገፋ እንደሚያቆም ነገረን። ከዚያ ስለ ኢንሹራንስ ተነሳ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅን በእንግሊዝ ኢንሹራንስ ማስገባት በተራ መኪናም ቢሆን የቤተሰብ ወገብ የሚያጎብጥ ነገር ነው። ልጁ ዝም አለ። እኔም አዘንኩለት፤ እውነቱን ለመናገር ድምፁ እኔንም ደስ ብሎኝ ነበር።

ሦስተኛው ሐሳብ የድሮው ሰዎች ምርጫ ነው፤ ፒንቶ የሚባለው ሁለት ሊትር የፎርድ ሞተር። ወደ ርዝመቱ ይቀመጣል፤ በካቻቢቴና በመዶሻ ይጠገናል ይባልለታል። ግን ከባድ ብረት ነው፤ ቁመቱም ረጅም ስለሆነ ኮፈኑን ቀዶ ማሳበጥ ይጠይቃል። ይዞት ይመጣ የነበረው ሲየራ መመረት ካቆመ ከ1993 ወዲህ ደግሞ ቁራሌው ጋ እየጠፋ፣ የቀረው በሰብሳቢዎች እጅ እየተወደደ ሄዷል። ወንድሜ ይህን ሞተር ወዶት ነበር። የወደደው የአባታችንን ላዳ ስለመሰለው ይመስለኛል።

ውሳኔው የመጣው ዶሮ ወጡን ስንበላ ነው። አጠገባችን የነበረች አረንጓዴ መኪና ባለቤት፣ የጡረታ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት፣ የእንጀራው ነገር ገርሟት ቀረበች። እኛም እንግዳ ተቀባዮች ነንና አጎረስናት። ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ከተቃጠለች በኋላ ኮፈኗን ከፍታ አሳየችን። ማዝዳ ኤምኤክስ 5። በ1989 የወጣችው ባለ ሁለት ወንበር መኪና ናት፤ በዓለም ላይ ከዓይነቷ እንደ እሷ የተሸጠ የለም። ሞተሯ ወደ ርዝመቱ የተቀመጠ፣ የኋላ ጎማ የሚነዳ፣ 1.6 ሊትር፣ 115 ፈረስ ጉልበት። በሴትየዋ አባባል የዚህች መኪና ደግነቷ መዝገቷ ነው። በእንግሊዝ ዝናብና በክረምት በሚበተነው የመንገድ ጨው ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ ይበሰብሳል፤ በዓመታዊው ምርመራ ትወድቃለች፤ ላሜራውን ማስጠገን ከመኪናዋ ዋጋ ስለሚበልጥ ባለቤቱ ይሸጣታል። ሞተሩ ግን ገና ጤነኛ ነው። "ሞተር አትግዙ" አለችን፤ "የሞተች መኪና ግዙ።" ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ዘንጉ፣ ዲፈረንሺያሉ፣ ሽቦው፣ ኮምፒውተሩና ቁልፉ ሁሉ እርስ በርስ እንደተዋወቁ ይመጣሉ። ሊብሬው ደግሞ የሞተሩን ዕድሜ ያስረዳል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በቤት የተሠራ መኪና መንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊት አይቪኤ የሚባል የመንግሥት ምርመራ ያልፋል። መሪው፣ ፍሬኑ፣ መብራቱ፣ የሹል ጠርዝ ጉዳይ ሳይቀር ይታያል። የጭሱ መመዘኛ የሚወሰነው በሞተሩ ዕድሜ ነው፤ ለአሮጌ ሞተር ላላ ይላል፤ ግን ዕድሜውን ማስረዳት የባለቤቱ ፈንታ ነው።

በማግሥቱ ቅዳሜ በመኪና አርባ ደቂቃ ርቆ ወደሚገኝ መንደር ሄድን። የ1992 ኤምኤክስ 5፣ ቀይ፣ 650 ፓውንድ። በሩ ሥር እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረበት። ወንድሜ ቀዳዳውን ሲያይ ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይታይ አንገቱን ደፋ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? መጀመሪያ ሞተሩን በመዳፉ ነካው፤ ቀዝቃዛ ነው። ሻጭ ቀድሞ ካሞቀው የሚደብቀው ነገር ሊኖር ይችላል፤ ብዙ በሽታ የሚታየው በብርድ ሲነሳ ነውና። የዘይት ክዳኑን ፈትቶ ውስጡን በጣቱ ጠረገ፤ ማዮኔዝ የመሰለ ነጭ ነገር ካለ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል ማለት ነው፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን አልቋል። ንጹሕ ነበር። ልጁ ተንበርክኮ በሞተሩ ፊት ያለውን ፑሊ በባትሪ መብራት አየ። እስከ 1991 ገደማ የተሠሩት የኮሎው አፍንጫ አጭር ስለሆነ ሊላላ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ተስተካክለዋል። አጭሩ ፑሊው ላይ አራት ክፍተት አለው፤ ረጅሙ ስምንት። "ስምንት!" አለ በአማርኛ። ሌላም ወጥመድ አለ። ከ1995 ጀምሮ በእንግሊዝ በርካሽ የተሸጠው 1.6 ሊትር ጉልበቱ ወደ 90 ፈረስ የወረደ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ግን ልዩነቱ አይታወቅም። የእኛዋ ከዚያ በፊት ናት።

ሲያስነሳት ለጥቂት ሰከንዶች ቲክ ቲክ አለች፣ ከዚያ ዝም። ሰማያዊ ጭስ የለም፤ ቢኖር ኖሮ ፋሻው በልቶ ዘይት ይቃጠላል ማለት ነበር። ሲሞቅ አራቱንም ካንዴላዎች ፈትተው ግፊቱን ለኩ። ልጁ እያነበበ የእኔ ልጅ ጻፈች፤ 175፣ 180፣ 175፣ 178። ዋናው የቁጥሩ ትልቅነት ሳይሆን አራቱ መቀራረባቸው ነው። አንዱ 120 ቢሆን ኖሮ ምሳችንን በልተን እንመለስ ነበር።

ከዚያ ክርክሩ መጣ። ወንድሜ እዚያ አገር ሃያ ዓመት ኖሮም የዋጋ ክርክሩ ከሶማሌ ተራ አልወጣም። አንድ ጊዜ ትቶ እስከ መንገዱ ሄደ። ሻጩ፣ ምስኪን፣ ነገሩ የገባው አይመስልም፤ "ይቅርታ፣ የሆነ ነገር አስቀየምኩህ?" ብሎ ተከተለው። በ580 ተስማሙ።

ተጎታች ተከራይተን ስንመለስ የወንድሜ ባለቤት በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ዝገቱን ዞራ አየችው። "እስከ ትናንት የማይሄድ መኪና አንድ ነበረን" አለች። ከዚያ ገብታ ቡና አፈላች።

ሞተሩን ያወጡት እኛ ወደ አዲስ አበባ ልንመለስ ሁለት ቀን ሲቀረን ነው። ለቀን በተከራዩት ማንሻ ሞተርና ካምቢዮ አንድ ላይ ቀስ ብለው ከፍ አሉ። አባትና ልጅ ግራና ቀኝ ይዘው "ቀስ! ቀስ!" ይባባላሉ። የልጄ ሥራ ብሎን መሰብሰብ ነበር። እያንዳንዱን በትንሽ ከረጢት እያስገባች ከላዩ በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ስሙን ጻፈች። በአማርኛ፣ በፊደል። ማንም ልብ አላለም።

አሁን በየቅዳሜው ወደ ማታ ስልካችን በቪዲዮ ይጠራል። የአጎቷ ልጅ ከረጢት ወደ ካሜራው ያስጠጋል፤ እሷ ታነብለታለች። "የካምቢዮ፣ የታችኛው፣ ስድስት።" "የማርሚታ።" ባለፈው ሳምንት ያስጠጋው ከረጢት ውስጥ አንድ የታጠፈች ላሜራና ሁለት ሽቦ ነበሩ። ልጄ አየችውና ሳቋን መያዝ አቃታት።

"ምን ይላል?" አለ።

"'ምን እንደሆነ አላውቅም' ነው የሚለው።"